የብሎግ ርዕስ አጻጻፍ፦ አንባቢም ጎግልም የሚያገኙት ርዕስ በ7 ደረጃ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆነው ብሎግ የሚጽፉ ልጆች አንድ ቅሬታ ደጋግመው ያነሳሉ። «ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ የሚያነበው ግን የለም» ይላሉ። ከፍቼ ሳየው እውነትም ጥሩ ነው። ቦታው ድረስ ተሄዷል፤ ዋጋ ተጠይቋል፤ ፎቶ ተነስቷል። ርዕሱ ግን «የወሎ ፈርጥ» ይላል። ስለ ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ጎግል አያውቅም። ቴሌግራም ላይ በጣቱ እያሳለፈ የሚሄደው ሰውም አያውቅም። ይህን ያህል የተደከመበት ሥራ በሁለት ቃል ምክንያት ሲቀር ያናድዳል።

አንድ ጽሑፍ ይዘን ከሀ እስከ ፐ ርዕስ እናውጣለት። ጽሑፉ ሰኞ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ባቲ ገበያ ደርሶ መመለስን የሚያስረዳ ነው እንበል። እናንተም ከጎን የራሳችሁን ጽሑፍ ይዛችሁ አብራችሁ ሥሩ።

ሁሉም ደረጃ የሚዞረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፦ ርዕሱ፣ አንባቢው ጥያቄውን በሚጠይቅበት ቃል ይጻፍ። ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆሞ ረዳቱን «የባቲ መኪና የቱ ነው? ገበያው ዛሬ ነው?» ይላል። «የምሥራቁ የንግድ ፈርጥ በየት በኩል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጽሑፉን ጨርሱ። ርዕሱ መጀመሪያ ከወጣ ጽሑፉ ሌላ ቦታ ሄዶ ርዕሱ ብቻውን ይቀራል። ለማስታወሻ ያህል ጊዜያዊ ርዕስ ብትሰጡት ችግር የለውም፤ በኋላ ግን ይሻር።

ጎግልን በግል መስኮት ክፈቱ፤ ኢንኮግኒቶ የሚባለው ነው። በተለመደው መስኮት ከፈለጋችሁ የቀድሞ ፍለጋችሁ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። የራሳችሁን ብሎግ ከላይ አይታችሁ «አንደኛ ወጥቻለሁ» ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ብሎጋችሁን ከጎግል ሰርች ኮንሶል ጋር አገናኙ። ነጻ ነው። ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንዳገኛችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ዛሬ ባይጠቅማችሁ ከወር በኋላ ትፈልጉታላችሁና አሁኑኑ አገናኙት።

ደረጃ 1፦ ጽሑፉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ

ወረቀት ላይ ይህን ሙሉ፦ «ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ይህን ነገር ያሳያል።»

የእኛ እንዲህ ይሆናል፦ «ባቲን አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ ሰኞ ከኮምቦልቻ ወጥቶ ገበያውን አይቶ በዚያው ቀን እንዴት እንደሚመለስ ያሳያል።»

ካልሞላላችሁ ችግሩ የርዕስ አይደለም። ጽሑፉ ሁለት ነው ማለት ነው። የባቲን ገበያና የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በአንድ ጽሑፍ ያስገባ ሰው ይኸው ይገጥመዋል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሐይቅ ደግሞ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱም ጠያቂውም ይለያያል። ለሁለት ክፈሉት፤ ለየራሱ ርዕስ ይኖረዋል።

ደረጃ 2፦ የሰዉን ቃል ልቀሙ

ጎግል ላይ «ባቲ» ብላችሁ ጻፉና ቁሙ። ፍለጋውን አትጫኑ። ከሥር የሚመጡት ጥቆማዎች ሌሎች ሰዎች የፈለጓቸው ናቸው። ሁሉንም ጻፉ። ቀጥሎ «ባቲ ገ»፣ «ከኮምቦልቻ ባቲ»፣ «ባቲ መቼ» እያላችሁ ሞክሩ። ከዚያ ፍለጋውን ተጫኑና እስከ ታች ውረዱ። ተዛማጅ ፍለጋዎች ካሉ እነሱንም መዝግቡ።

ይህንኑ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፋችሁ ድገሙት። ስልኩ ላይ የግዕዝ ኪቦርድ ያልጫነ ብዙ ሰው አለ።

*ጥቆማ ካልመጣ።* ለአነስተኛ ከተሞች በአማርኛ የሚመጣው ጥቆማ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ተስፋ አትቁረጡ። ዩቲዩብ መፈለጊያ ላይ ያንኑ ሞክሩ። የአካባቢው የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖች ውስጥ ሰዎች ምን እያሉ እንደሚጠይቁ አንብቡ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሰው መጠየቅ ነው። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ፈልጉና «ይህን ለማወቅ ጎግል ላይ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» በሉት። የሚላችሁን ሳታርሙ፣ ቃል በቃል ጻፉ። «ባቲ ገበያ ቀኑ መቼ ነው» ካለ እንደዚያው። ማሳመር የጀመራችሁ ቀን የእሱ ቃል መሆኑ ይቀራል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ የቆላ ልጅ «የደሴ ከተማ የአየር ንብረት ሁኔታ» ብሎ አይፈልግም። «ደሴ ይበርዳል?» ነው የሚለው። ርዕሱ «ደሴ ይበርዳል? ለወሎ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪ የልብስ ዝርዝር» ቢሆን ልጁ ይከፍተዋል። እናቱም ትከፍተዋለች።

ደረጃ 3፦ ቦታውን ከስመ ሞክሼው ለዩ

እዚህ አካባቢ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ለእኛ ግልጽ የሆነ ስም ለጎግልም ለሩቅ ሰውም ግልጽ አይደለም።

*ኮምቦልቻ* ሁለት ቦታ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌም፣ ሐረር አጠገብ፣ ኮምቦልቻ አለ። «ኮምቦልቻ የሚከራይ ቤት» ብቻ ካላችሁ የሐረርጌው ሰውም ይመጣል፤ ከፍቶ ያያል፤ ወዲያው ይወጣል። ርዕሱ ላይ ወሎ፣ ደሴ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሉት አንዱ ይግባ። «ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ የሚከራይ ክፍል» ከተባለ አያሳስትም።

*ፒያሳ* ብቻውን ከተጻፈ አብዛኛው አንባቢ አዲስ አበባን ነው የሚያስበው። «ደሴ ፒያሳ» በሉ። *አራዳም* እንደዚሁ።

*ሰኞ ገበያ* ደሴ ውስጥ የሰፈር ስም ነው። ስለ ባቲ የሚያወራ ጽሑፍ «የሰኞ ገበያ ጉብኝት» ከተባለ የደሴ ሰው ሰፈሩ ይመስለዋል።

*ባቲ* ከአራቱ ቅኝቶች አንዱም ነው። ባቲ ብቻ ብላችሁ ስትፈልጉ ዘፈን ቢመጣ አይግረማችሁ። *አምባሰልም* ቦታም ቅኝትም ነው። እንዲህ ላሉ ስሞች «ገበያ»፣ «ከተማ»፣ «ተራራ»፣ «መንገድ» የሚል አንድ ቃል ከጎኑ ይቀመጥ።

*ሐይቅ* ከሁሉም የከፋ ነው። «የሐይቅ ጉዞ» ብትሉ ጣናም ላንጋኖም ሊሆን ይችላል። «ሐይቅ ከተማ፣ ወሎ» ወይም «ሐይቅ እስጢፋኖስ» በሉ።

የወሎ ዩኒቨርሲቲን የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎችም ለዩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ከ1,900 ሜትር በታች ነው። የደሴን ብርድ አንብቦ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክሞ ኮምቦልቻ የገባ ተማሪ ርዕሳችሁን አያመሰግንም።

ደረጃ 4፦ ፊደሉን ምረጡ

አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ይጻፋል። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ። ሥራ፣ ስራ። ፀሐይ፣ ጸሐይ። «ዩኒቨርሲቲ»ማ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው እናንተም ታውቃላችሁ። ፈላጊው ደግሞ ስልኩ ላይ ቶሎ የመጣለትን ነው የሚነካው።

እንዲህ አድርጉ፦

1. እያንዳንዱን አጻጻፍ ጎግል ላይ ለየብቻ ፈልጉ።
2. ጥቆማና ተዛማጅ ውጤት በብዛት የመጣበትን ለርዕስ ምረጡ። እኩል ከሆኑ ትክክለኛውን አጻጻፍ ያዙ።
3. ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ ወይም የፎቶ መግለጫ ላይ አንድ ቦታ አስገቡ።
4. ርዕስ ላይ ሁለቱንም አትደርድሩ። «ሐይቅ ሀይቅ ሃይቅ ጉዞ» የሚል ርዕስ አንባቢን ያባርራል። ጎግልም ቃል የታጨቀበት ርዕስ ሲያይ በራሱ ይቀይረዋል።

ስለ መነሻ ፊደሎችም አንድ ነገር። የ፣ በ፣ ከ፣ ለ ከስም ጋር ይጣበቃሉ። ፈላጊው «ባቲ ገበያ» ይላል፤ እኛ «በባቲው ገበያችን» እንጽፋለን። ቃሉ ርዕሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ባዶውን ይገኝ። ዓረፍተ ነገሩ እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ባዶውን አስገቡ።

በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) አታድርጉ። ሰው ሲፈልግ ክፍተት ነው የሚጠቀመው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ጽሑፉ በአማርኛ ሆኖ ርዕሱን ብቻ በላቲን ፊደል አትጻፉ። ጎግል የገጹ ቋንቋና ፊደል ከርዕሱ ጋር ካልተስማማ ሌላ ርዕስ ከገጹ ውስጥ መርጦ ሊያወጣ ይችላል። ምን እንደሚመርጥ ደግሞ በእጃችሁ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ረቂቆች ጻፉ፣ ጣሉ፣ አንድ አስቀሩ

የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ዝም ብላችሁ ደርድሩ። የባቲያችን እነሆ፦

«ባቲ፦ የሦስት ሕዝቦች መገናኛ»። ያምራል። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያ ስለሆነ እውነትም ነው። የተጠየቀውን ግን አይመልስም። ጽሑፉ ውስጥ ንዑስ ርዕስ አድርጉት፤ እዚያ ቦታው ነው።

«ስለ ባቲ ገበያ ማወቅ ያለብዎት ሁሉም ነገር»። ሁሉም ነገር የለበትም። የግመል ዋጋ አልተነገረም፤ ማደሪያ አልተነገረም። ይጣል።

«ባቲ ገበያ፣ ባቲ የግመል ገበያ፣ ባቲ ወሎ፣ ባቲ ሰኞ»። ይህ የቃል ክምር ነው። ይጣል።

«ጉድ ነው! ባቲ ላይ ያየሁት»። ጉድ የለም። ሰኞ ገበያ ውሎ ነው ያለው። አንዴ የተሸወደ አንባቢ በሚቀጥለው ስማችሁን አይቶ ያልፋችኋል። «ሰበር»፣ «አስደንጋጭ»፣ «ማመን ያቅታል» የሚሉትንም ለዚሁ ስትሉ ተዉ።

«ባቲ ገበያ ሰኞ፦ ከኮምቦልቻ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን»። ይህ ይቀራል። ቦታው አለ፤ ቀኑ አለ፤ መነሻው አለ፤ አንባቢው የሚያገኘው ነገርም አለ። ፈላጊው የሚጽፈው ቃል ደግሞ ከፊት ነው።

*ስለ ርዝመት።* ጎግል ይህን ያህል ፊደል ብሎ የደነገገው ገደብ የለም። የሚቆርጠው በስክሪኑ ስፋት ነው። «ከ50 እስከ 60 ፊደል» የሚባለው ምክር ለላቲን ፊደል የተነገረ ነው። የእኛ ፊደል ሰፋ ስለሚል ያን ያህል አይይዝም። ክፍተቱን ጨምሮ ከ40 በታች ይሁን፤ ዋናው ቃል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 20 ውስጥ ይግባ እላለሁ። የባቲው ርዕስ ሲቆጠር 33 ነው። ቢቆረጥ እንኳ «ባቲ ገበያ ሰኞ» አይጠፋም።

*ማሳጠር ካቃታችሁ* ቅጽሎቹን አውጡ። «አስደናቂው»፣ «ታሪካዊው»፣ «ውቡ»። አንድም ሰው «አስደናቂው ባቲ» ብሎ አይፈልግም። ከዚያ «በተመለከተ»፣ «አስመልክቶ»፣ «አጭር ዳሰሳ» የሚሉትን። የቀረውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ አሁንም ረጅም ነው።

ደረጃ 6፦ ርዕሱና ጽሑፉ ይመሳከሩ

ርዕሱን አንብቡ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብቡ። መልሱ እዚያ ተጀምሯል? ርዕሱ «ከኮምቦልቻ ደርሶ መልስ» ካለ የመጀመሪያው አንቀጽ መኪናው ከየት እንደሚነሳና መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ይናገር። ስለ ወሎ ገበያዎች ታሪክ ሦስት አንቀጽ ካስቀደማችሁ አንባቢው ተመልሶ ሌላ ሊንክ ይነካል።

ቁጥር ከገባ ይቆጠር። «7 ምክሮች» ካላችሁ ሰባት ይሁኑ፤ ስድስትና ግማሽ አይሁኑ።

*ዓመተ ምሕረት ላይ ጠንቀቅ በሉ።* «የደሴ የቤት ኪራይ 2018» ብሎ የጻፈ ሰው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ነው የያዘው። በፈረንጆቹ ግን ይህ 2025 እና 2026 ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ርዕሱን አይቶ «የድሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። «2018 ዓ.ም» ብላችሁ ጻፉ። ዓመቱ ለጉዳዩ የማያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታስገቡት፤ መስከረም በጠባ ቁጥር ርዕሱ ያረጃል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «በ12 ሰዓት» አይበቃም፤ «ጠዋት 12 ሰዓት» ይባል።

ታሪፍና ዋጋ ርዕስ ላይ አይግባ። የመኪና ዋጋ ሲቀየር ርዕሱ ይዋሻል። ዋጋውን ጽሑፉ ውስጥ ከቀኑ ጋር አስቀምጡት፤ እዚያ ማረም ቀላል ነው።

ደረጃ 7፦ ብሎጉ ላይ በትክክል አስገቡት

ብዙ ጥሩ ርዕስ የሚበላሸው እዚህ ነው።

*የገጹ ርዕስና የፍለጋ ርዕስ።* ዎርድፕረስ ላይ ዮስት ወይም ራንክ ማዝ የሚባሉትን ተጨማሪ መሣሪያዎች (ፕለጊን) ከጫናችሁ ለጎግል የሚሆን ርዕስ የሚጻፍበት ሌላ ሳጥን አለ። ሁለቱ አንድ ሐሳብ ይናገሩ። ገጹ ላይ «ባቲ ገበያ ሰኞ»፣ ሳጥኑ ውስጥ «ምርጥ የወሎ ጉዞ» ካላችሁ ጎግል የፈለገውን መርጦ ያወጣል። ሳጥኑን ባዶ ብትተዉት የገጹ ርዕስ ራሱ ይገባል፤ ለአብዛኛው ጽሑፍ ይበቃል።

*የብሎጉ ስም።* አንዳንድ ቴም (የብሎጉ መልክ ንድፍ) የብሎጉን ስም ከርዕሱ ፊት ይለጥፋል። ስሙ ረጅም ከሆነ ርዕሳችሁ ከመታየቱ በፊት ቦታው ያልቃል። ከኋላ እንዲሆን አስተካክሉት፤ ወይም አሳጥሩት።

*ሊንኩ።* ዎርድፕረስ ሊንኩን ከአማርኛው ርዕስ በራሱ ይሠራል። ችግሩ አንድ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል፤ በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር የተሞላ። ዎርድፕረስ ለዚህ ክፍል የሚፈቅደው 200 ምልክት ነው። ስለዚህ 22 ፊደል ገደማ ላይ መሀል ቃል ይቆረጣል። ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት የማይነበብ ረጅም ሰንሰለት ይወጣል፤ አንዳንዱ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ አይነካውም። ከማተማችሁ በፊት ሊንኩን በላቲን ፊደል አሳጥራችሁ ጻፉት፦ ባቲ፣ ገበያ፣ ኮምቦልቻ የሚሉትን ሦስት ቃላት በሰረዝ አያይዙ። ይበቃል።

ብሎገር የሚባለውን የጎግል ብሎግ መሥሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ እሱ ከአማርኛ ርዕስ ሊንክ መሥራት አይችልም። «ብሎግ ፖስት» የሚል ስም በላቲን ይሰጥና ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ከማተማችሁ በፊት በቀኝ በኩል ካለው ማስተካከያ ፐርማሊንክ የሚለውን ክፈቱና የራሳችሁን አስገቡ።

*የቴሌግራም ሙከራ።* ቻናላችሁ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ሊንኩን ወደ ራሳችሁ «የተቀመጡ መልእክቶች» ላኩት። ከሥር የሚወጣው ርዕስ ያሰባችሁት ነው? በትንሽ ስልክ ላይ ይነበባል? አርማችሁት አሮጌው ርዕስ ካልጠፋ ቴሌግራም የድሮውን ስለያዘ ነው። ዌብፔጅቦት ለሚባለው የቴሌግራሙ ቦት ሊንኩን ላኩለት፤ ያድሰዋል። ለፌስቡክ ሼሪንግ ዲበገር የሚባለው ገጽ ይህንኑ ይሠራል።

ካተማችሁ በኋላ ካልሠራ

ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ ሰርች ኮንሶል ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱና ያንን ገጽ ብቻ ምረጡ።

*ኢምፕሬሽን (ገጹ ጎግል ላይ የታየበት) ብዙ፣ ክሊክ (የተነካበት) ጥቂት ከሆነ* መጀመሪያ ደረጃችሁን፣ ፖዚሽን የሚለውን፣ እዩ። ታች 30ኛ ላይ ከሆናችሁ ሰው እዚያ ድረስ ስለማይወርድ ነው፤ ጽሑፉን አጠናክሩ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ሆናችሁ የሚነካችሁ ከሌለ ግን ጥፋቱ የርዕሱ ነው። ደረጃ 5ን ድገሙ።

*ኢምፕሬሽኑ ባዶ ከሆነ* ዩአርኤል ኢንስፔክሽን ውስጥ ሊንኩን አስገቡና ገጹ ጎግል ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። ካልገባ እንዲገባ እዚያው ጠይቁ። ገብቶም ከሌለ በማንም አፍ በሌለ ቃል ጽፋችኋል፤ ደረጃ 2 ላይ ተመለሱ።

*ያላሰባችሁት ፍለጋ ከመጣ* ደስ ይበላችሁ። ስለ ባቲ ገበያ ጽፋችሁ ሰው «ከኮምቦልቻ ባቲ ስንት ኪሎ ሜትር ነው» እያለ የሚመጣ ከሆነ ያንን ጥያቄ ንዑስ ርዕስ አድርጉት፤ ሰፊ ከሆነም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይውጣው።

*ጎግል ርዕሱን ከቀየረባችሁ* ያወጣውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከገጹ ትልቅ ርዕስ ወይም ከንዑስ ርዕስ ነው። የእሱ ከእናንተ ይልቅ ግልጽ ከሆነ ተቀበሉት። ካልሆነ ርዕሱ ረዝሞ፣ ቃል ታጭቆበት፣ አሮጌ ዓመት ይዞ ወይም ከገጹ ርዕስ ጋር ተጋጭቶ እንደሆነ በተራ ፈትሹ።

ስታርሙ ርዕሱን ብቻ አርሙ፤ ሊንኩን አትንኩ። ሊንኩ ከተቀየረ ቀደም ሲል በየግሩፑ የተላከው ሁሉ ሊሞት ይችላል። የግድ መቀየር ካለበት ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግር 301 የሚባለውን ማዞሪያ አብራችሁ አድርጉ። ርዕሱን፣ ጽሑፉንና ፎቶውን በአንድ ቀን አትቀያይሩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። የቀየራችሁበትን ቀንና አሮጌውን ርዕስ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ጎግል አዲሱን ለማሳየት ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድበት ስለሚችል፣ በማግስቱ ለውጥ ካላያችሁ እንደገና አትነካኩት።